የምድጃ ሠሪዎች ዱካ

በስቶክሆልም ከተማ ሊላ ኤሲንገን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ከመንገዶቿ አንዱ ፕሪሙስጋታን ይባላል፤ ስሙን ያወረሰው የነጭ ጋዝ ምድጃ ነው። ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት የተባለ ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1892 የሠራው ፕሪሙስ ጋዙን በፓምፕ ገፍቶ፣ በግለት አትንኖ፣ ጥላሸት በሌለው ሰማያዊ ነበልባል ያነዳል። ኖርዌያዊው አሳሽ አሙንድሰን እ.ኤ.አ. በ1911 ደቡብ ዋልታን ሲረግጥ ፕሪሙስ ከጓዙ ውስጥ ነበር። በደሴቲቱ ላይ ምድጃ መሠራቱ ከቀረ ዘመናት አልፈዋል። የአሮጌ ምድጃ ወዳጅ ግን ካርታ ይዞ ቢሄድ መንገዱን አያጣውም።

የእኛ ምድጃ ሠሪስ አድራሻው ወዴት ነው?

ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ለሚወጣ ሰው መጀመሪያ የምትገኘው ቡራዩ ናት። በዚህ አቅጣጫ ራቅ ብላ አዲስ ዓለም አለች። አዲስ አበባ ተቆርቁራ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላት ዛፉ ለማገዶም ለቤት መሥሪያም አልቆ፣ አፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። ለአዲስ ዓለም የታሰበው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። የማገዶ ነገር የኢትዮጵያን ዋና ከተማ ከመቀመጫዋ ሊያስነሳት ምንም አልቀረውም ማለት ነው።

ቡራዩም ለምድጃ ታሪክ ባለውለታ ናት። በደርግ ዘመን በዚያ የነበረው የመሠረታዊ ቴክኖሎጂ ማዕከል ለገጠር የሚሆኑ ቀላል መሣሪያዎችን ሲሞክር፣ እንጨት እንዲቆጥብ ተብሎ ዙሪያውን የተዘጋ የጭቃ ምድጃም ከሥራዎቹ መካከል ነበር። ጭቃው ይሰነጠቃል፤ ልኩም እንደ ሠሪው እጅ ይለያያል። ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የኢነርጂ ባለሙያዎች ያንኑ የተዘጋ ምድጃ በሲሚንቶና ፑሚስ በሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሠርተው «ምርጥ» አሉት።

ምርጥ ምድጃ ሲሠራ ያየ ሰው ሥራው ብሎኬት ከማምረት ብዙም እንደማይርቅ ይገባዋል። የቆርቆሮው ቅርጽ ማውጫ ውስጡ ዘይት ይቀባል፤ እርጥቡ ድብልቅ ይጨመርበትና በደንብ ይጠቀጠቃል፤ ቅርጹ ሲነሣ አንድ ጎባጣ ግድግዳ ይቀራል። ግድግዳው ጥላ ሥር ሆኖ ለቀናት ውሃ ይጠጣል። አራቱ ሲገጣጠሙ ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፉታል። ከኋላ ደግሞ ሁለት ቁራጮች ይቆማሉ፤ ከምጣዱ ሥር የሚወጣው ትኩስ ጭስ በእነሱ በኩል ሲያልፍ ድስት ያሞቃል። እንጀራው እየተጋገረ ወጡ በተረፈው ሙቀት ይበስላል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል፤ ተረቱ ግን ስለ እንጨቱ ያለው ነገር የለም። ምርጥ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል እንጨት ያተርፋል።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ናት። በአህያ የተጫነ ኩበትና እንጨት ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ኖሯል። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ደግሞ ጀርባቸው እስኪጎብጥ የሚሸከሙ ሴቶች አሉ። ከእነዚህ መካከል ሸክሙን የተዉት የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር መሥርተው በሽመናና በመሳሰለው ሥራ መተዳደር ጀመሩ። ስዊድን እዚህ ላይ እንደገና ብቅ ትላለች። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ፕሮጀክት ጋያ የሚባለው ድርጅት ዶሜቲክ የተባለ የስዊድን ኩባንያ ይሠራው የነበረውን ክሊንኩክ የተሰኘ የኢታኖል ምድጃ ወደ ኢትዮጵያ አመጣ፤ ማኅበሩም በዚያው ሥራ አነስተኛ የኢታኖል ማምረቻ ለማቋቋም አጋር ሆነ። ምድጃው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በሚመጣ ኢታኖል በሶማሌ ክልል በቀብሪበያህ የስደተኞች ጣቢያ ሲነድ ቆይቷል። ማገዶ ፍለጋ ወደ ጫካ ይወጡ ለነበሩ ስደተኛ ሴቶች ጠርሙስ ሙሉ ኢታኖል የአንድ ቀን መንገድ እንደማስቀረት ነው።

በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታ ከአልኮል ጋር የቆየ ትውውቅ አላት፤ ከስኳር ተረፈ ምርት ከሞላሰስ አልኮል የሚወጣበት ፋብሪካ ከተማዋ ውስጥ ይገኛል። ፕሪሙስን ለማቀጣጠል መጀመሪያ ራሱን የሚያሞቀው ከሥሩ ባለችው ጽዋ የሚፈሰው አልኮል ነውና፣ ሰበታም ከምድጃ ታሪክ ውጭ አይደለችም። በከተማ ቤቶች የነገሠው ግን ርካሹ ባለ ክር ቡታጋዝ ነበር። በ2001 ዓ.ም. መንግሥት የነጭ ጋዝ ድጎማን ሲያነሣ ብዙ ቡታጋዝ አልጋ ሥር ገባ፤ ቦታውንም የኤሌክትሪክ ምጣድና ከሰል ተካፈሉት።

በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሰበታ ሸገር በሚባለው አዲስ ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። አስተዳደር ሲለወጥ መዝገብ ቦታ ይቀይራል፤ አሮጌ ግቢም ይፈርሳል። የምድጃ ታሪክ ከሌላው ቀድሞ የሚጠፋው ዕቃው ተራ መስሎ ስለሚታይ ነው፤ የቆርቆሮ ቅርጽ ማውጫን ቅርስ ብሎ የሚያስቀምጥ ሰው ጥቂት ነው። እናም በቡራዩ፣ በሱሉልታና በሰበታ አሮጌ ቅርጽ ማውጫ፣ የናስ ፕሪሙስ ወይም የሥልጠና መመሪያ በእጃችሁ ያለ ሁሉ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ማን፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሠራው ጻፉበት፤ በአቅራቢያችሁ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም አሳዩት።