የድርሰት አስተማሪ ከማን ይማር?

ዋና የማያውቅ ሰው ወንዝ ዳር ቆሞ «እጅህን እንዲህ፥ እግርህን እንዲያ አድርግ» እያለ ልጅ ወደ ውሃ ቢያስገባ፥ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ጮኾ ያስጥለዋል። ጽፎ የማያውቅ ሰው ሕፃናትን ድርሰት ሲያስተምር ግን ማንም አይጮኽም። ለምን ቢባል፥ በድርሰት የሰጠመ ልጅ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እየገለበጠ ያድጋል፤ በመልስ ወረቀት ላይ ክብ እያጠቆረ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ያልፋል፤ በመጨረሻም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንድ ገጽ ሐሳብ ጻፍ ሲባል ይጨነቃል። ይህን ጭንቀት ከመካከላችን የማያውቀው ጥቂት ነው።

የአስተማሪነት ትምህርት የምንማር አራት ጓደኛሞች በዚህ ዓመት ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተልከን፥ በአራተኛ ክፍል ጥቂት ሳምንታት ቆይተናል። በክፍሉ ውስጥ ከስድሳ የሚበልጡ ልጆች በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። የአማርኛ ሰዓት ደርሶ «ጻፉ» ሲባሉ ሁሉም ደብተራቸውን ገልጠው፥ እርሳሳቸውን ይዘው ወደ ጥቁር ሰሌዳው ያያሉ። በልጆቹ ዘንድ መጻፍ ማለት መገልበጥ ነውና፥ ሰሌዳው ባዶ ከሆነ የሚጻፍ ነገር የለም። ድርሰት በሚታዘዙበት ቀንም ርእሱ ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ «የላም ጥቅም» ወይም «የክረምት ወቅት»። ስለ ላም ሲታዘዙ ሁሉም «ላም የቤት እንስሳ ናት» ብለው ይጀምራሉ። አስተማሪዪቱም ቀይ ብዕር ይዘው፥ በሃሌታው «ሀ» ፈንታ ሐመሩ «ሐ»፥ በእሳቱ «ሰ» ፈንታ ንጉሡ «ሠ» የገባበትን እያደኑ ያርማሉ።

ይህ ነገር ሥር አለው። በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ፊደል መቁጠርና ዳዊት መድገም ለብዙ ተማሪ የሚዳረስ ነበር፤ ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ ብዕር ቀርጾ መጻፍ ግን ለብቻው የሚለመድ ሙያ ነበር። ስለዚህ ዳዊት የሚደግም ሁሉ ይጽፋል ማለት አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያው ትምህርት ውስጥ ዛሬም ያለ ሌላ ጉባኤ አለ፤ እርሱም የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና እያደገ ሄዶ ስምንት ቤት መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙለታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መምህሩ ራሳቸው ባለቅኔ መሆናቸው ነው። የማይቀኝ የቅኔ መምህር አለ ቢባል ማን ያምናል? እንግዲህ የማይጽፍ የድርሰት አስተማሪ እንዴት አላስደነቀንም?

አስተማሪዪቱን መውቀሳችን አይደለም። ሃያ ዓመት ያስተማሩ፥ ልጆቹን በየስማቸው የሚያውቁ ትጉህ ሴት ናቸው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ስለ ነገሩ ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ ከኮሌጅ ከወጣሁ ወዲህ ከማመልከቻና ከሪፖርት በቀር የጻፍሁት የለም፤ ያስተማሩኝም ስለ ድርሰት እንጂ ድርሰት አይደለም» አሉን።

በአገራችን አስተማሪ ከተመረቀ በኋላም እንዲማር ታስቧል። እ. ኤ. አ. በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ መመሪያ እያንዳንዱ አስተማሪ በየዓመቱ ቢያንስ 60 ሰዓት ለዚሁ እንዲያውል ደንግጎ ነበር። ጎረቤት ትምህርት ቤቶችም በጉድኝት ማዕከል እየተገናኙ እርስ በርሳቸው እንዲማማሩ ተብሏል። ሐሳቡ መልካም ነው። 60 ሰዓት ማለት በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢሆን 30 ሳምንት ነው፤ ለሰው መጻፍ ለማስለመድ ትንሽ ጊዜ አይደለም። እኛ በነበርንበት ትምህርት ቤት ግን ሰዓቱ የሚያልቀው ቅጽ በመሙላትና ፋይል በማደራጀት ነበር። ሥልጠና ሲመጣም ንግግር ይደረጋል፥ ማስታወሻ ይያዛል፥ ሰርተፊኬት ይታደላል። እንደ ልጆቹ ሁሉ አስተማሪዎቹም ይገለብጣሉ ማለት ነው።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፥ እ. ኤ. አ. በ1974 ጄምስ ግሬይ የሚባል ሰው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፥ በበርክሊ፥ የጀመረውን ሥራ እንጥቀስ። ይህ ሰው አስተማሪዎችን በትምህርት ቤት መዝጊያ ጊዜ ሰብስቦ ንግግር ከማስደመጥ ይልቅ፥ ራሳቸው እንዲጽፉ፥ የጻፉትንም ለባልንጀሮቻቸው እንዲያነቡ፥ በክፍላቸው የሠመረላቸውን ዘዴ እርስ በርሳቸው እንዲያሳዩ አደረገ። መሠረቱ ሁለት ሐሳብ ነው፤ ይኸውም አስተማሪን ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ባልደረባው አስተማሪ ነው፥ ጽሕፈት የሚያስተምርም መጻፍ አለበት የሚል ነው። ጅምሩ በኋላ በመላው አሜሪካ ተስፋፋ። ሁለተኛውን ሐሳብ ግን የቅኔ መምህሮቻችን ከበርክሊ መስማት አላስፈለጋቸውም።

እኛም በዐቅማችን ሞከርነው። ልጆቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ፥ አራታችንና ሁለት አስተማሪዎች በባዶው ክፍል ተቀምጠን «ክረምት» በሚለው ርእስ ግማሽ ግማሽ ገጽ ጻፍን። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለሁላችንም እንዴት ከበደን! አንዱ ሦስት ጊዜ ሰረዘ፤ አንዷ ሁለተኛውን መሥመር አስቀድማ ጽፋ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ተነባብበን ስንጨርስ አስተማሪዪቱ «ለካ ልጆቹ እርሳስ እያኘኩ የሚቀመጡት ሰንፈው አይደለም» አሉ። በማግሥቱ በልጆቹ ፊት ሰሌዳው ላይ ጻፉ፤ ሰረዙ፤ እንደ ገና ጻፉ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ተገርማ «ቲቸር፥ እርስዎም ይሰርዛሉ?» አለች።

በዚያ ሳምንት አንድ ልጅ እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «ክረምት ሲመጣ ቆርቆሮአችን ይጮኻል። እናቴ በሚያፈሰው ቦታ ድስት ታስቀምጣለች። እኔና እኅቴ ስንት ጊዜ እንደሚሞላ እንቆጥራለን።» በሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አራት የፊደል ስሕተት ነበረ። አስተማሪዪቱ ቀይ ብዕራቸውን አነሡና መልሰው አስቀመጡት፤ ከዚያም «በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ ሞላ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ሄዶ ሌላ ግማሽ ገጽ ጽፎ መጣ። ፊደሉ የታረመው ከዚያ በኋላ ነው። እንደዚህ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ ከንግግር አይገኝም፤ ራሱ ጽፎ፥ የጻፈውን ሰው እንዲያነብለት የተመኘ አስተማሪ ግን ያውቀዋል።

«ስድሳ ደብተር ማን ያነባል?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በቀን ዐሥር ደብተር ቢነበብ ስድሳው በስድስት የትምህርት ቀን ያልቃል፤ እስከዚያው ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይነባበባሉ። የሆነ ሆኖ በዚህ ብቻ የክፍሉ ጥበት አይሰፋም፥ የአስተማሪው ድካምም አይቀርም። ብዙዎቹ ልጆች እስክንሰናበታቸው ድረስ «ላም የቤት እንስሳ ናት» እያሉ ይጀምሩ ነበር። ለዚህ ነው ነገሩ የጥቂት ሳምንት ሳይሆን የሙያ ዘመን ሁሉ ልምድ እንዲሆን የምንሻው።

በ1957 ዓ. ም. የዚህ አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያዝዝ ደንብ ተጀምሮ፥ ብዙዎቹ በአስተማሪነት ተሰማርተው ነበር። ያ ደንብ ዛሬ የለም። ነገር ግን ከእኛ መካከል ብዙዎች በሚመጣው ዓመት በየወረዳው በልጆች ፊት እንቆማለን። ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ የማስተማሪያ ዘዴ በምንማርበት ሰዓት እኩሌታው ስለ ድርሰት ለመስማት ሳይሆን ድርሰት ለመጻፍ እንዲውል የትምህርት ክፍላችንን እንጠይቅ። ሁለተኛ፥ ፈቃድ እስኪመጣ ሳንጠብቅ እኛው እንጀምር። የተማሪዎች ማኅበር አንዲት ክፍል ቢሰጠን፥ በየሳምንቱ ሐሙስ ከቀኑ በዐሥራ አንድ ሰዓት እየተሰበሰብን እንጽፋለን፥ እንነባበባለን፥ እንተራረማለን። የምትመጡ ሁሉ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ መሰረዝም አያሳፍራችሁ።