«ግጭት የለውም» የተባለው ታሪክ

አጭር ልብ ወለድን ለመመርመር የምንገለገልባቸው ቃላት ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ናቸው። «ገፀ ባህርይ»፣ «መቼት»፣ «ሴራ» ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይነገራሉ እንጂ፣ አያቶቻችን እሳት ዳር ተረት ሲያወሩልን አያውቋቸውም ነበር። ነገሩን ግን ያውቁት ነበር። የት ላይ ዝም ማለት፣ የት ላይ ድምፅ ዝቅ ማድረግ እንዳለባቸው ማንም አላስተማራቸውም። ቃላቱን በማስለመድ ረገድ ስማቸው ከሚነሣው መካከል ገጣሚውና የቴአትር መምህሩ ደበበ ሰይፉ አንዱ ነው፤ «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር» የተሰኘው መጽሐፉ በ1973 ዓ.ም. ታትሟል።

እኛ የጣና ዳር ሰዎች ደግሞ ከሁሉ በፊት የመጣውን ቃል የኛ ነው ብንል አያስነውረንም። በዘጌ የተወለደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመውን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ ሰየመው። መጽሐፉ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ታወቀ፤ የመጀመሪያው ርዕስ ግን የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ልብ የወለደው! እንግሊዞቹም ሆኑ ፈረንሳዮቹ ይህን የመሰለ ስም ያላቸው አይመስለኝም።

ሌሎቹም ቃላት ቢፈቱ ከኑሯችን የራቁ አይደሉም። መቼት «መቼ» እና «የት» ተዳብለው የወለዱት ነው። ጭብጥ እጅ የሚጨብጠው ነው፤ ችሎት የቆመ ሰውም ቃሉን ያውቀዋል፤ ዳኛው ከብዙ ንትርክ መካከል የሚይዘው ዋናው ነጥብ ነው። ጡዘት ሲከር ሲከር ሊበጠስ የደረሰ ፈትል ያስታውሰናል። ክፉ ስም ያለው ሴራ ብቻ ነው፤ ቃሉ ሲጠራ ተንኮል ይታወሰናል። ቢሆንም ደራሲም ከሴረኛ ብዙ አይርቅም፤ መጨረሻውን እያወቀ ይደብቀናልና።

ጋዜጠኝነት ስማር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች በዜናው የመጀመሪያ አንቀጽ እንድንመልስ ታዝዘን ነበር። የአጭር ልብ ወለድም ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው። ማን የሚለው ገፀ ባህርይ፣ መቼና የት የሚሉት መቼት ናቸው፤ ለምንና እንዴት ደግሞ ሴራውን ይሸከማሉ። ልዩነቱ ዜና ሁሉንም በር ላይ ሲያራግፍ፣ ልብ ወለድ «ለምን»ን እስከ ጓዳ ድረስ ይዞት መግባቱ ነው። እንግሊዛዊው ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1927 እ.ኤ.አ. በታሪክና በሴራ መካከል ያሰመረው ድንበርም እዚሁ ላይ ነው። በኛ አገር ምሳሌ ልናገረው። «ታንኳው ወጣ፤ ሴትዮዋ ኩራዝ ለኮሰች» ብንል ታሪክ ነው። «ታንኳው ስላልተመለሰ ሴትዮዋ ኩራዟን ሳታጠፋ አደረች» ብንል ግን ምክንያት ገባበት፤ ሴራ ሆነ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ያለ ነገር አይደለም። ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ካለ ዋርካ ሥር ለንባብ የሚሰበሰቡ ወጣቶች ስለነዚሁ ቃላት እንዳወራላቸው ጠርተውኝ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ አነበበች። አንድ አባት በደንገል ታንኳ ማገዶ ጭኖ ወደ ገበያ እንደወጣ አልተመለሰም። እናት በየማታው የሱን ራት ለይታ ትከድናለች። ወራት ያልፋሉ። አንድ ማታ መሽቶበት የመጣ እንግዳ ደጅ ይቆማል፤ እናት የተከደነውን ራት አንሥታ ትሰጠዋለች። ልጅቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታያለች። አለቀ።

ደብተሩን በሥርዓት የሚይዝ አንድ ጎረምሳ ቶሎ ብሎ «ግጭት የለውም» አለ። «ማን ከማን ተጣላ? ጡዘቱስ የታለ?» ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቱ ወረቀቷን አራት ላይ አጠፈች።

እኔም ጎረምሳውን፣ «እንግዳው ያን ራት ሲበላ እናትየዋ ምን ሆነች?» አልሁት።

ጥቂት አሰበና፣ «ባሏ እንደማይመለስ አመነች» አለ።

«እስከዚያ ማታ ድረስስ?»

«አላምንም ብላ ነበራ።»

«ከማን ጋር ስትታገል ከረመች ታዲያ?»

መልሱን ሳይሰጠኝ ልጅቱ ቀና አለች። «ጋሼ፣ እኔ ግጭት ብዬ አልጻፍኩትም። እናቴ ያደረገችው እንደዚህ ነው።»

ከዚያ በኋላ የተናገረ አልነበረም። ቆይቶ ጎረምሳው ራሱ፣ «እስቲ እንደገና አንብቢልን» አላት።

ግጭት ሲባል ሰው ከሰው ጋር ብቻ አይደለም፤ ሰው ከተፈጥሮ፣ ከማኅበረሰቡ፣ ከገዛ ራሱም ጋር ይጋጫል። ይህ በየመማሪያው ተጽፏል፤ ጎረምሳውም ሳያጠናው አልቀረም። ነገር ግን ቃሉን የያዘው እንደ ኬላ ፈታሽ ነበር፤ መታወቂያ የሌለው አያልፍም። ፍርዱ ቢጸና ኖሮ ለዚያች ልጅ የእናትሽ ኀዘን ታሪክ አይሆንም ብለን ልንሸኛት ነበር።

በሁለተኛው ንባብ ሌሎቹም ቃላት ሥራ አገኙ። ታሪኩ የተተረከው በማን አንጻር ነው? በልጅቱ። ልጅ ስለሆነች ታያለች እንጂ አትተነትንም፤ ስለዚህ ትርጉሙ ለኛ ተተወ። ሁሉን አወቅ ተራኪ ቢሆን «አመነች» ብሎ ይነግረንና ራቱን ተራ ምግብ ያደርገው ነበር። አሜሪካዊው ኤድጋር አላን ፖ በ1842 እ.ኤ.አ. አጭር ታሪክ ባንድ መቀመጫ ተነቦ አንድ ስሜት ላይ ማረፍ አለበት ያለውን ብናስታውስ፣ ያ የተከደነ ራት ያን ሥራ ሠርቷል። ታደሰ ሊበን በ1949 ዓ.ም. «መስከረም» የተሰኘውን የአጫጭር ታሪኮች መድበል ካሳተመ ወዲህም አማርኛችን ለዚህ ዓይነቱ አጭር ነገር ባዳ አይደለም።

እንግዲህ ለመምህራንም ለተማሪዎችም የምለው ይህን ነው። አንድ ታሪክ ስታነቡ መጀመሪያ «በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ተለወጠ? የተለወጠውስ የቱ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጣታችሁን እዚያ ላይ ካሳረፋችሁ በኋላ ስሙን ከመጽሐፉ ፈልጉ። ስሙ ቢጠፋባችሁ በፈተና ጥቂት ነጥብ ይቀርባችሁ ይሆናል፤ ታሪኩ ግን አያመልጣችሁም።