ሲንጀሯ ለምን ከበደች?

እኛ እዚህ ካኩማ በስፌት የምንተዳደር ሰዎች ነን። የዩኒፎርም ወቅት ሲደርስ ፔዳል ከከበደ ኑሮም አብሮ ይከብዳል። ታዲያ አንዲት እህታችን አሮጌዋን ሲንጀር «አርጅታለች፣ እግሬን ገደለችኝ፣ ባገኘሁት ዋጋ ልሽጣት» ስትለን፣ ኧረ ቆይ፣ መጀመሪያ እንያት አልናት።

ከመካከላችን አንዱ በአገር ቤት ጠመንጃ ይጠግን ነበር። እዚህ ጠመንጃ የለም፣ እንኳንም የለ፤ የእጁ ሙያ ግን አብሮት ተሰዷል። «የአሮጌ ጠመንጃ ቃታ ሲከብድ ሰው ሁሉ ስፕሪንጉን ይወነጅላል» አለን። «ቆርጠው ያቀሉታል፣ ከዚያ ጠመንጃው ወድቆ እንኳ ሊተኩስ ይችላል። ለወፍና ለጥንቸል በሚሆነው ባለ 22 ካሊበሩ ላይ እኔ ብዙ ጊዜ ያገኘሁት የደረቀ ዘይት፣ ዝገት፣ ወይም በእርጥበት አብጦ ቃታውን የሚያሽ እንጨት ነው።» ስፕሪንግ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ክብደቱ የት እንዳለ ይለያል።

እኛም ቺንጋውን ከመዘውሩ አወረድነው። ፔዳሉ ብቻውን ቀሎ ሄደ። ስለዚህ ችግሩ ከላይ ነው። የእጅ መዘውሩን ቀስ ብለን ስናዞረው ዙሪያውን እኩል ይከብዳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቢይዝ ኖሮ ከታች ክር ተወትፏል ወይም የተጣመመ ብረት አለ እንል ነበር። ዙሪያውን ሲከብድ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቅባቱ ነው።

ማሽኗን ወደ ኋላ አጋድመን ብናይ፣ መጋጠሚያው ሁሉ ቡናማ ሙጫ ለብሷል። ለካ ከራሽን የተረፈ የምግብ ዘይት ስትጠጣ ኖራለች! የምግብ ዘይት አየርና ሙቀት ሲያገኘው እየወፈረ ይደርቃል፤ የካኩማ አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። የስፌት መኪና ዘይት ቀጭን ነው፣ እንዲህ ሙጫ አይሆንም።

በየዘይት ቀዳዳው ላምባ አንጠበጠብንና አሳደርናት። (ላምባ እሳት ነው፣ ከምድጃና ከልጆች ይራቅ።) ጠዋት መዘውሩን ወዲያ ወዲህ ስናወዛውዘው ጥቁር እድፍ ወጣ። ጠረግን፣ ደገምን፣ እንደገና ጠረግን። ላምባ ያጸዳል እንጂ አያለሰልስም፤ ስለዚህ በየመጋጠሚያው አንድ ሁለት ጠብታ የማሽን ዘይት አደረግን። በሦስተኛው ቀን ትንሿ ልጇ ፔዳሉን በአንድ እግሯ እየገፋች ትስቅ ነበር።

ሽያጩ ቀርቷል። አሁን የቀረው ክር የሚያጠነጥነው ጎማ ነው፣ ተበልቶ ይንሸራተታል። እሱን ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጠን እንሠራላታለን።