«ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል» ከማለታችሁ በፊት

አገር ቤት ዝናቡ ሲጀምር እዚህ ቤይ ኤሪያ ደግሞ የኮፈን መክፈቻው ወቅት ይጀምራል። 880 ላይ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ስመላለስ ዳር ይዞ እንፋሎት የሚተፋ መኪና አያለሁ። ጠጋ ስል መስታወቱ ላይ ትንሿ ባንዲራ ወይ መቁጠሪያ ተንጠልጥላለች። የኛው ሰው ነው!

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ደወለልኝ። ኦክላንድ ይኖራል፣ ማታ ማታ ሳን ሆዜ ምግብ ያደርሳል። መኪናው የ2005 ኮሮላ ነው፤ አገር ቤት ቢሆን ገና ጎረምሳ ይባል ነበር። «ጋሼ፣ መኪናዬ ሞቀብኝ፤ ጋራዥ ወስጄው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል አሉኝ» አለ። የጠየቁት ገንዘብ መኪናውን ከገዛበት ይበልጣል። የደወለልኝም ስለ መኪናው ሊያማክረኝ አልነበረም። ዕቁባችን ላይ ተራውን እንድናስቀድምለት ነው። ያ ዕቁብ ደግሞ ለሚስቱ የአውሮፕላን ትኬት የታሰበ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ዓመት ጠብቃለች።

«ማን መረመረው?» አልኩት።

«ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ አየና ነገረኝ።»

አየና! ጓርኒሲዮን እኮ በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ተጨምቆ የተቀበረ ነገር ነው። ኮፈን ተከፍቶ የሚታየው ባትሪና አቧራ ነው። ጋራዡን ልወቅስ አይደለም፣ አብዛኛው ባለሙያ ሥራውን ያውቃል። ግን ሳይለካ የተሰጠ ፍርድ እኔ አልቀበልም፤ አገር ቤት መሐንዲስ ሆኜ ስሠራ የቀረልኝ ልማድ ይሄ ነው።

«መቼ ነው የሚሞቀው? ስትሄድ ነው ስትቆም?» አልኩት።

አሰበ። 880 ላይ በ65 ማይል ሲሄድ ጌጁ ከግማሽ በታች ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሬስቶራንት በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ትእዛዝ ሲጠብቅ መርፌው ሽቅብ ይወጣል። ሲነሳ ደግሞ ይወርዳል። ኤሲውም ቆሞ ሲጠብቅ ሞቃት ሞቃቱን ይነፋበታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። ቤንዚን ተቃጥሎ ከሚሰጠው ኃይል ጎማ የሚያዞረው በግምት ሲሶው ነው። ሲሶው በማርሚታ ይወጣል። የቀረው ሲሶ፣ ልክ እንደ ድሮ ባላባት ድርሻ፣ ውሃው ላይ ይወድቃል። ውሃው ተሸክሞት ራዲያተር ይደርሳል፣ ከዚያ አየር ይረከበዋል። በፍጥነት ስትሄዱ ነፋሱ ራሱ በራዲያተሩ ውስጥ ስለሚያልፍ ፋን አያስፈልጋችሁም። ስትቆሙ ግን ሥራው ሁሉ የፋኑ ነው። ስለዚህ ቆሞ የሚሞቅ፣ ሲሄድ የሚበርድ መኪና መጀመሪያ ፋኑን ነው የሚከሰው። በተቃራኒው 580 ላይ አልታሞንትን ስትወጡ ወይ በ17 ወደ ሳንታ ክሩዝ ስትሻገሩ የሚሞቅ ከሆነ ፋኑን ተዉት፤ የተደፈነ ራዲያተር፣ በደንብ የማይከፈት ቴርሞስታት፣ የደከመ ዋተር ፓምፕ ፈልጉ። የተቃጠለ ጓርኒሲዮንም ቢሆን የሚብስበት ሞተሩ ሲጫን ነው። ስለሄዳችሁ አይራራላችሁም።

ሂተሩም ይናገራል። ጌጁ ቀይ ላይ ሆኖ ሂተሩ ቀዝቃዛ ከነፋ ብዙ ጊዜ ውሃው ጎድሏል ወይ አየር ገብቶበታል ማለት ነው።

ክዳኑን የሚንቅ ደግሞ አለ። የራዲያተር ክዳን መዝጊያ ብቻ አይደለም፣ ግፊት ያዥ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ክዳኑ የላላ መኪና ውስጥ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ኦክላንድ ባሕር ጠርዝ ላይ 100 ነው። ግፊቱ ሲያዝና ከግማሽ ኩላንት ጋር ሲደባለቅ ግን ከ120 ያልፋል። ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ ኮፈኑን ከፍቶ በጄሪካን የሚጠብቅ አይሱዙ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ደፍቶ ቴስታታ የሰነጠቀ ሾፌርም አይጠፋም። የጋለ ክዳን በፍጹም አትክፈቱ፤ የሚወጣው እንፋሎት ፊት ይልጣል። ጥግ ያዙ፣ አጥፉ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ጥግ እስክታገኙ ኤሲውን አጥፍታችሁ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ታልባላችሁ፣ ሞተሩ ግን ይተርፋል።

ወደ ወንድማችን ልመለስ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ሄድኩ። ሞተሩ ቀዝቅዟል። ውሃው ትንሽ ጎድሎ ነበር፣ ሞላንለት። አስነሣነው፣ ኤሲ ከፈትን። ኤሲ ሲከፈት ፋኑ መነሣት አለበት። ዝም። ፊውዙ ደህና ነው። ሪሌውን አጠገቡ ካለው ተመሳሳይ ሪሌ ጋር አቀያየርነው፣ አሁንም ዝም። ሶኬቱን ነቅለን በሁለት ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ሰጠነው። አልተንቀሳቀሰም። የሞተው የፋኑ ሞተር ነው። አሮጌ መኪና እየተፈታ ከሚሸጥበት ግቢ ከሌላ ኮሮላ ላይ ፈትተን አመጣን። ሲገጠም ተነሣና ጮኸ፤ እሱም አብሮ ጮኸ።

ደስታው ግን በቂ አልነበረም። ፋን ሳይኖረው ሳምንታት የነዳ ሰው ጓርኒሲዮኑን በእርግጥም አቃጥሎት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ መለዋወጫ ሱቆች የመመርመሪያ ዕቃ በመያዣ ያውሳሉ፣ ስትመልሱ ገንዘባችሁን ትወስዳላችሁ። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ቱቦ ነው። ራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረግና ከውሃው በላይ ያለው አየር በፈሳሹ ውስጥ እንዲያልፍ ይሳባል። የቃጠሎ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። እሱ ቱቦውን እያየ አልተነፈሰም። ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ደገምነው፣ አሁንም ሰማያዊ። የዘይቱ መለኪያ ላይ ቡና በወተት የመሰለ ነገር የለም፣ ማርሚታውም ነጭ ጭስ አያወጣም።

የዕቁቡ ተራ በቦታው ነው፣ ትኬቱም እንዳለ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኩላንት ስትቀይሩ አሮጌውን መንገድ ላይ አትድፉ፤ የመንገዱ ቦይ ሳይጣራ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ይገባል። ጣዕሙ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ውሻም ልጅም ይልሰዋል። የቧንቧ ውሃም አታዘውትሩ፣ ራዲያተሩ ውስጥ እንደ ጀበና ዝቃጭ ይጋገራል።

ሙቀቱ ገና ነው። በ2022 ሴፕቴምበር 6፣ በኛ ጳጉሜን 1 ቀን 2014 መሆኑ ነው፣ ሳን ሆዜ 109 ፋራናይት ደርሳ ክብረ ወሰኗን ሰብራለች። እንዲህ ያለ ቀን ሳይመጣ ኤሲያችሁን ከፍታችሁ ፋኑ መዞሩን ዛሬውኑ እዩ። ስትጠይቁኝም «ሞቀብኝ» ብቻ አትበሉኝ። ቆሞ ነው? ዳገት ላይ ነው? ሂተሩስ ምን ይነፋል? ውሃ ስንት ጊዜ ሞላችሁ? ይሄን ጻፉልኝ፤ ማታ ሥራ ስጨርስ አየዋለሁ።