በኦሞ ዳር ያለው አሸዋ

ልጆች ሆይ፤ እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ግን ረጅም የአሸዋ ሜዳ እንዳለ፥ ሰዎችም በዚያ እየተቀመጡ እንደሚያርፉ አንብቤአለሁ። ወጣት ሳለሁ እንዲህ ያለውን አሸዋ በሀገራችን አገኘሁ፤ ይኸውም ከጂንካ ወደ ሃና ወርደው፥ ከሃናም ወደ ኦሞ ወንዝ ሲሄዱ የሚገኘው ነው።

ኦሞ ከደጋ ወርዶ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል እንጂ ወደ ባሕር አይደርስም። በዚያን ዘመን ክረምት በገባ ቁጥር ሞልቶ ዳሩን ያጥለቀልቅ ነበር፤ ሲጎድልም አሸዋውንና ጥቁሩን ደለል ትቶ ይሄድ ነበር። እኔ የደረስሁት በጥቅምት ነው። አሸዋው ነጭ፥ ስፍራው ጸጥ ያለ፥ ከወፍ እግር በቀር ምንም ዱካ የሌለበት ነበረ። መንገድ የመሩኝ ጥቂት አማርኛ የሚያውቁ አንድ የቦዲ ሽማግሌ ነበሩ። እኔም እርሳቸውን ሳልጠይቅ ጫማዬን አውልቄ ሮጥሁ፤ «ባለቤት የሌለው ምንኛ ያማረ ስፍራ ነው!» ብዬም ጮኽሁ።

ሽማግሌው «ቁም!» አሉኝ። ቆምሁ። በበትራቸው ወደ ውኃው ዳር አመለከቱኝ፤ ግንድ የተጎተተበት የሚመስል ረጅም ምልክት አየሁ። «አዞ ነው፤ ዛሬ ጧት ወጥቶአል» አሉ።

እናት አዞ አሸዋውን ቆፍራ እንቁላልዋን ትቀብራለች፤ ሦስት ወር ያህልም ትጠብቀዋለች። ሲፈለፈሉ ልጆችዋን በአፏ ይዛ ወደ ውኃ ትወስዳቸዋለች። ያ ሁሉ ጥርስ ሳይጎዳቸው መድረሳቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ስለ አዞው የተቆጡኝ መስሎኝ «ይቅር ይበሉኝ አባቴ፤ ወደ ውኃው አልቀርብም» አልኋቸው። እርሳቸው ግን እግሬን ይመለከቱ ነበር። ዝቅ ብዬ ባይ የቆምሁት በደለሉ ላይ ነው፤ ደለሉም በትናንሽ ጉድጓድ ተሞልቶአል፤ በየጉድጓዱም የማሽላ ዘር አለ። ያለ በሬና ያለ ማረሻ፥ በእንጨት ብቻ እየተቆፈረ የተዘራ የእኅታቸው እርሻ ኖሮአል። ዱካዬ በመካከሉ አልፎ ብዙውን ደፍኖታል።

አልሰደቡኝም። ቁጢጥ ብለው የረገጥሁትን በጣታቸው ይከፍቱ ጀመር። «ዝናብ ሲጠፋ ልጆችዋ የሚበሉት ይህን ነው» አሉኝ። እኔም ከኀፍረት የተነሣ ፊቴ እየጋለ አጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ጉድጓዱን አንድ በአንድ አቀናን።

ከዚያ በኋላ ከወንዙ በላይ በኩል የጊቤ 3 ግድብ ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከፍታው ከ240 ሜትር ያልፋል፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም ለብዙ ከተማ ይሰጣል። ይህን የምጽፈው በመብራት ስለ ሆነ ግድቡን አልጠላውም። ነገር ግን ውኃው ከታገደ ወዲህ የክረምቱ ሙላት እንደ ቀድሞው አዲስ ደለል አያመጣም።

ግድቡ ከተመረቀ በኋላ አንድ ጊዜ ወደዚያ ስፍራ ተመልሼ ነበር። አሸዋው እንደ ቀድሞው ጸጥ ያለ ነበረ፤ የአዞም ምልክት ነበረበት። ከበስተኋላው ያለው ደለል ግን ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። የዘር ጉድጓድ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ቢሆንም እርሻው በነበረበት ላይ መርገጥ እምቢ ብሎኝ ዳር ዳሩን ዞሬ አለፍሁ።