የአክሊሉን ማስታወሻ ሳነብ

ህዳር 5
ፌዴሬሽኑ የፈረሰበት ቀን ነው፤ ህዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም.። ሰሞኑን የጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን ማስታወሻ እያነበብኩ ስለሆነ ቀኑ ከነከነኝ። የተባበሩት መንግሥታት ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ ህዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በ46 ድጋፍና በ10 ተቃውሞ ሲወስን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ነበሩ። ከፓሪስ የሰላም ጉባኤ ጀምሮ ለዚያ ውሳኔ ዓመታት ተሟግተዋል። ሲፈርስም ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሳቸው ናቸው። የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ እንደነበረ አውቃለሁ። ቢሆንም በክርክር የተገኘውን ውል ዋጋ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረምና ኀላፊነቱን ከትከሻቸው ላወርድላቸው አልችልም።

ህዳር 8
ዛሬ ወደ ወጣትነታቸው ተመለስኩ። ከእስክንድርያ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ወደ ፓሪስ ሄደው ሕግ አጠኑ። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ እዚያው በኢትዮጵያ ለገሲዮን ነበሩ። በ1931 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ የጣሊያንን ወረራ ሲቀበሉ የኢትዮጵያ ስም ከዲፕሎማሲው መዝገብ ሊፋቅ ምንም አልቀረውም። ወታደር የለ፣ ገንዘብ የለ፤ የቀረው አቤቱታ መጻፍ፣ ጋዜጠኛ ማነጋገር፣ የሰው ደጅ መጥናት ብቻ ነው። በሕይወታቸው ውስጥ በጣም የማከብረው ይህን ዘመን ነው። በ1937 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ሲፈርሙ፣ ያ ሁሉ ደጅ መጥናት ከንቱ እንዳልቀረ የተሰማቸው ይመስለኛል።

ህዳር 11
የጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ክፍል ከበደኝ። በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ወንድማቸው መኮንን ሀብተ ወልድ ተገደሉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እሳቸው ተሾሙ፤ ሥልጣኑም እስከ የካቲት 1966 ቆየ። በውጭ አገር ሲከራከሩ ከፊታቸው የሚረታቸው ወይም የሚረቱት ተከራካሪ ነበረ፤ ድምፅ ይቆጠራል። አገር ቤት ፓርቲ የለም። ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው መርጠው ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲያቀርቡ የተፈቀደላቸው እንኳ በ1958 ዓ.ም. ነው። የባለመሬትና የጭሰኛ ሕግ ረቂቅ ከባለመሬቶች ፓርላማ ሳይወጣ ቀረ። ወሎ ተራበ። በኒው ዮርክ የላቲን አሜሪካ ልዑካንን አንድ በአንድ ያግባቡ ሰው ለጭሰኛው ተሟግቶ የሚያሸንፍ መንግሥት አላቆሙም። ያን ያህል የሚችሉ ሰው ስለነበሩ ያሳዝነኛል።

ህዳር 14
በሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚሄደው ታክሲ የአፍሪካ ኅብረትን አልፌ ወደ ሥራ ሄድኩ። ኅብረቱ የቆመው ዓለም በቃኝ እስር ቤት በነበረበት ቦታ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ሲመሠረት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ፣ ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት እዚያ ግቢ ውስጥ ተረሸኑ። እሳቸውን የተኩት እንዳልካቸው መኮንን፣ በለንደን አምባሳደር በኒው ዮርክ ቋሚ መልእክተኛ የነበሩት፣ በዚያው ሌሊት አብረዋቸው ተገደሉ። ማስታወሻው የተጻፈው በእስር ቤት፣ የቀድሞ ባለሥልጣናትን ይመረምር ለነበረው ኮሚሽን ነው። ደርግ የኮሚሽኑን ሥራ ፍጻሜ አልጠበቀም፤ ፍርድ ቤትም አላቀረባቸውም። በፌዴሬሽኑም በወሎም መጠየቅ ነበረባቸው፤ በዳኛ ፊት፣ አፋቸውን ከፍተው መልስ እየሰጡ።