ከሞጆ ተነሥተው ሸማ ለማየት

ሞጆ ብዙ ሰው የሚያልፍባት እንጂ የሚቆምባት ከተማ አይደለችም። አንዱ መንገድ ወደ አዳማ ይቀጥላል፤ ሌላው በመቂና በባቱ አድርጎ ሐዋሳ ይገባል። ለሚኖርባት ሰው ግን ሞጆ የደረቅ ወደብና የቆዳ ፋብሪካ ከተማ ናት። ነፋሱ ወደ ሰፈርዎ ሲዞር ፋብሪካው ሥራ ላይ መሆኑን ማንም ሳይነግርዎ ያውቃሉ! እኛ የለመድነው አፍንጫችንን አንይዝም፤ ብዙ ቤተ ሰብ እንጀራውን የሚበላው ከዚያ ነውና።

«ፋቂ» በአገራችን ስድብ ነበረ። ሐዋርያው ጴጥሮስ ግን በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው (ሐዋ. 9፥43)። ይህን ክፍል በሞጆ ሆኖ ማንበብ ሌላ ጣዕም አለው። ለዚህም ጉዞ ያነሣሣኝ ይኸው ንባብ ነው። ቆዳ ፋቂው እንዲህ ከተከበረ፣ እሑድ እሑድ ለብሰነው ወደ ጉባኤ የምንሄደውን ነጠላ የሠራው ሸማኔስ?

እንግዲያው አንድ ማለዳ ልጆችዎን ይዘው ይነሡ። አዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። እዚያም ወደ ስድስት ኪሎ የሚሄድ ታክሲ ይያዙ። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኛል። ሕንፃው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበረ፤ በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆነ፣ ተቋሙም በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ። ልጆች የንጉሡን መኝታና መታጠቢያ ቤት ለማየት ይሮጣሉ። ይሩጡ። እርስዎ ግን ከሕዝቡ ዕቃ ዘንድ ይቆዩ።

ሙዚየሙ የተዘጋጀው እንደ ሰው ዕድሜ ነው፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ከዚያም ሞትና ከሞት በኋላ። በዚህ ቅደም ተከተል እየተራመዱ የሸማን ነገር ቢያስቡ ይገረማሉ። ሕፃኑ ሲወለድ የሚጠቀለለው በሸማ ነው። ሙሽራዋ ጥበብ ቀሚስ ትለብሳለች። አባት ሲያረጅ ጋቢውን ይደርባል። ሐዘን ሲመጣ የነጠላው ጥለት ወደ ፊት ይወጣል፤ የሞተውም በነጭ ይገነዛል። ከልደት እስከ መቃብር የሸማኔው እጅ ያልነካው ቀን የለንም ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በቋንቋችን የቀሚሱ ጌጥ «ጥበብ» ይባላል፤ አእምሮም የሚያስተውለው «ጥበብ» ይባላል። ዘጸአት 35ን ሲያነቡ እግዚአብሔር ባስልኤልንና ኤልያብን በልባቸው ጥበብ እንደ ሞላ ያገኛሉ። ከተቆጠረላቸው ሥራ አንዱ የሸማኔ ሥራ ነው (ቁ. 35)። ታዲያ የጥበብ ባለቤት ከላይ ከሆነ፣ «ሸማኔ» የሚለው ስም በእኛ ዘንድ መናቂያ የሆነው እንዴት ነው? አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አውጥተው ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለው ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቆጠራል አሉ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ግን እኛው ቤት ሲሰማ ሰምቻለሁ።

ከሙዚየሙ ሲወጡ ጉዞውን እዚያ አያብቁ። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ትንሽ ሽቅብ ቢወጡ ሽሮ ሜዳ ይደርሳሉ። ከፊት የሱቁ ሰልፍ አለ፤ ከጀርባው ባሉት መንደሮች ደግሞ መወርወሪያው ሲመላለስ ይሰማል። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ የመጡት ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ከጨንቻ አካባቢ፣ ከጋሞ ደጋ ነው። ዶርዜ የምንላቸው ከእነርሱ ወገን ናቸው።

እኔ የገባሁበት ቤት ጠባብ ነበር። ሸማኔው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጧል፤ እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ ናቸው። በእግሩ ጣቶች ሲጫን የድሩ ግማሽ ይነሣል፣ ግማሹ ይወርዳል፤ በመካከል መወርወሪያው ያልፋል፣ ማጉም ይጠቀጠቃል። ኢዮብ ዕድሜውን በዚህ መሣሪያ የመሰለው ለምን እንደ ሆነ (ኢዮ. 7፥6) ያን ጊዜ ገባኝ። ዓይን አይከተለውም!

«ወንድሜ፣ ጋቢ ስንት ቀን ይፈጃል?» አልኩት።

«ሁለት ቀን፤ አንዳንዴ ሦስት።»

«ክሩንስ ማን ፈተለው?»

«ድሩ የፋብሪካ ነው። ማጉን ባለቤቴ ናት።»

ባለቤቱ በሩ ሥር ተቀምጣ እንዝርት ታሾራለች። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ አመልማሎ ሆኖ አጠገቧ ተቀምጧል። የእሷ ቀን በሂሳቡ ገብቶ እንደ ሆነ ጠየቅሁ። ሁለቱም ሳቁ። «እሱ አይቆጠርም» አለች።

በዚህ መንደር ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ትምህርት ቤት ትገባላችሁ ተብለው ከጋሞ ተራሮች መጥተው ቀን ከሌት ድር ላይ የዋሉ ሕፃናት ታሪክ የተሰወረ አይደለም። እንግዲህ ሸማ በርካሽ ሲያገኙ «ማን ሠራው?» ብሎ መጠየቅ መንፈሳዊ ላልሆነ ጉዳይ መጨነቅ አይምሰልዎ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ ስለ ተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ምን እንዳለ ያንብቡ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ባለፈው ክረምት አንድ ሸማኔ ጋቢ ተሸክሞ ሞጆ በራችን ላይ ቆመ። ዝናቡ ስለ በረታበት መሸጥ እንደ ቸገረው አይቼ ተከራከርኩት፤ ዋጋውንም በጣም አስቀነስኩት። ማታ ለቤተ ሰቤ እንደ ብልህነት አወራሁት፣ ሁላችንም ሳቅን። ከሽሮ ሜዳ በተመለስኩ ምሽት ጋቢውን ከሣጥን አውጥቼ በመብራት አየሁት። አንድ ጥግ ላይ ክሩ ወፍሯል፤ የፈተለችው ሴት እጇ የደከመበት ቦታ ይሆን ይሆናል።

ያስቀነስኩትን ገንዘብ በፖስታ አድርጌ በጠረጴዛው መሳቢያ አኑሬዋለሁ። ልጆቹም ታዝዘዋል፤ ሸማ የተሸከመ ሰው በሰፈራችን ሲያልፍ ካዩ ሮጠው ሊጠሩኝ። እስካሁን ሁለት ሰው ጠርተውልኛል። እሱ ግን አይደለም።